የውርጭ ሌሊትና የመኪና መስተዋት

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «በክረምት ሌሊት የመኪናችን መስተዋት ውርጭ እንዳይዘው ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚጠቅም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንዲት ቃል ማቃናት ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው «ዊንተር» በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ክረምት» ተብሎ ተተርጉሞ ይገኛል። የአገራችን ክረምት ግን የዝናብ ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ደመና ለብሶ ስለሚያድር ባለመኪናን የሚያስቸግረው ጭቃና ጎርፍ እንጂ ውርጭ አይደለም። ውርጭ የሚመጣው ዝናቡ አልፎ፣ ደመናው ተገፎ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው፤ ይኸውም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ፣ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ግን ብርቱ ቁር በሚሆንበት ጊዜ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለዚሁ ብርድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በትክክለኛ አማርኛ ሲቀመጥ «በበጋ ሌሊት» መባል አለበት።

ይህ የቃል ልዩነት ዘመድ ከዘመድ ሲነጋገርም ያስቸግራል። በስቶክሆልም ወይም በሚኒሶታ የሚኖር ልጅ በታኅሣሥ ወር «ክረምቱ ከብዶብናል» ብሎ ሲነግራት፣ በአገር ቤት ያለች እናቱ «ምነው ልጄ፣ በታኅሣሥ ዝናብ?» ብላ ትደነቃለች።

ከቃላት ሳንወጣ ሦስት አራቱን እንለይ። «ጤዛ» ሌሊት በሣርና በቅጠል ላይ የሚያድረው ጥቃቅን የውሃ ነጠብጣብ ነው። «ውርጭ» ሰብል የሚያቃጥለውም ሆነ መስተዋት የሚያነጣው የሌሊት ቁር ስም ነው፤ ገበሬው «ባቄላዬን ውርጭ መታው» ይላል። «አመዳይ» ደግሞ ያ ውርጭ ጧት በሣሩ ላይ አመድ መስሎ ነጥቶ ሲታይ የሚጠራበት ስም ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ የሚናገሩም ብዙዎች ናቸው። «በረዶ» ከደመና የሚወርደው ነው። «ትናንት ማታ መኪናዬ ላይ በረዶ ጣለ» ብሎ ለጋራዥ ሠራተኛ የነገረ ሹም፣ ሠራተኛው መስተዋቱን ትቶ የተጎዳ ቆርቆሮ በጣራው ላይ ሲፈልግ ቢያየው ሊደነቅ አይገባውም። እኛ በትግርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች ውርጭን «አስሓይታ» እንለዋለን፤ «ክረምቲ» ግን ለእኛም የዝናብ ወራት ስለ ሆነ፣ በዚህ በኩል ሁለቱ ቋንቋዎች አልተለያዩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ለምሳሌ የሚሆነን ቦታ ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኘው ይህች ከተማ በብርድዋና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። ወደ ደሴና ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ለሥራ የወጣ ሹም ብዙ ጊዜ እዚያ ያድራል። በማግሥቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሲነሣ መኪናው እንደ በግ ለምድ ነጥታ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው መንገድ ደግሞ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው ነው፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚጠማዘዝ፣ ብዙ ጊዜም ጉም የማይለየው መንገድ ነው። ስለዚህ የመስተዋቱ ነገር የጽዳት ነገር ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው ውርጭ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ይመስለዋል። አይወርድም። ማንኛውም አካል ሙቀቱን በዓይን በማይታይ ጨረር አማካይነት ዘወትር ወደ ውጭ ይሰጣል። ቀን የሰጠውን ከፀሐይ መልሶ ይቀበላል፤ ሌሊት ግን ወደ ሰማይ የሚሰጠው ብዙ ሲሆን ከሰማይ የሚመለስለት ጥቂት ነው። ሰማዩ ደመና ካለበት ደመናው ራሱ ሙቀት ወደ ምድር ስለሚልክ እንደ ጋቢ ይሆናል። ሰማዩ ሲጠራ ጋቢው ተገፈፈ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መስተዋቱ ከከበበው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድም በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ እንኳ ሳይሆን በቀጥታ ረግቶ ይለጠፍበታል። የአየሩ ሙቀት መለኪያ ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ መስተዋቱ ነጥቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የተጠራጠረ ሰው በማለዳ መኪናውን ዞሮ ይመልከት። ጣራው፣ ኮፈኑና ወደ ሰማይ ያዘነበለው የፊት መስተዋት ነጥተው ያገኛቸዋል፤ ቀጥ ብለው የቆሙት የጎን መስተዋቶች ግን ከሰማዩ ይልቅ አጥርና ግድግዳ ስለሚያዩ ውርጫቸው የሳሳ ነው። በግንብ አጠገብ የቆመች መኪና ከሆነችም በግንቡ በኩል ያለው መስተዋት ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ያድራል። መስተዋቱን የሚያቀዘቅዘው ከሰማዩ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ ስለ ሆነ፣ መከላከያውም በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ማስገባት ነው። ሌላው ሁሉ ሕክምና ነው እንጂ መከላከል አይባልም።

ይህን በምርምር ካስረዱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ በለንደን ይኖር የነበረ ሐኪም ነው። ስለ ጤዛ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1814 (በኤውሮፓ አቆጣጠር) ነበር። ይህ ሰው ከለንደን አጠገብ ባለ የአትክልት ቦታ ሌሊት እየወጣ በሣሩ ላይ አራት ትናንሽ እንጨቶችን ተክሎ በላያቸው ስስ መሐረብ ወጠረ፤ ከመሐረቡ በታች ያለው ሣር ሰማዩን ከሚያየው ሣር ይልቅ የሞቀ ሆኖ አገኘው። ያን ያህል ስስ ጨርቅ ብርድ ያግዳል ብሎ የሚገምት ማን ነው? ዌልስ ራሱ ቀድሞ አትክልተኞች ችግኞቻቸውን በስስ ምንጣፍ ሲሸፍኑ እያየ ይስቅባቸው እንደ ነበር ጽፏል። የተማረ ሰው በአትክልተኛ ላይ የሚስቀው ሳቅ በየአገሩ አለ፤ ሳቁን በመጽሐፍ የመሰከረ ግን ጥቂት ነው።

የደጋ ገበሬም ይህን ነገር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ውርጭ የሜዳውንና የረግረጉን ዳር ሰብል ሲመታ የተዳፋቱን እንደሚተው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለውም እንደሚድን በየዓመቱ ያያል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈሳል፤ እዚያም ይተኛል። እንግዲህ መኪናውን የት እንደሚያቆም የሚያስብ ሹም በመጀመሪያ ማየት ያለበት የገበሬውን ማሳ ነው። ከጉድጓዳ ሜዳ ይልቅ ከፍ ያለው ቦታ፣ ከገላጣው ግቢ ይልቅ የግንቡ ጥግ፣ ከሁሉም ይልቅ የቆርቆሮ ጥላ ወይም ቅጠሉ ያልረገፈ ዛፍ ሥር ይመረጣል። ዛፉ ባሕር ዛፍ ቢሆንም ከምንም ይሻላል፤ ቅጠሉ ግን የሳሳ ስለ ሆነ ብዙ አያስጥልም። ሌላ ምርጫ ከሌለ የመኪናዋን ፊት ወደ ምሥራቅ ማዞር ነው፤ እንዲህ ሲሆን የማለዳዋ ፀሐይ የፊት መስተዋቱን አስቀድማ ታገኘዋለች። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው ፀሐይ እስክትወጣ ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ለሚነሣው አይረዳውም።

ሽፋንን በተመለከተ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሰፊ ካርቶን፣ የሸራ ቁራጭ፣ ወይም ተተርትሮ የተዘረጋ ንጹሕ ጆንያ ይበቃል። ዋናው ነገር ደረቅ መሆኑና ነፋስ እንዳይወስደው መያዙ ነው። ሁለቱን ጫፎች በፊት በሮች ውስጥ አስገብቶ በሮቹን መዝጋት ይቻላል፤ የታችኛውን ጠርዝ የዝናብ መጥረጊያው ይይዘዋል። ሽፋኑ መጥረጊያውን ጭምር ቢጋርደው ደግሞ የበለጠ ነው፤ ጎማው ከመስተዋቱ ጋር ሳይጣበቅ ያድራል። ለስፖኪዮዎቹ ሁለት ፌስታል ይበቃቸዋል። አንዳንድ ሰው ያለውን ብርድ ልብስ አውጥቶ ያለብሳል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ግን ለሰው የተሠራ ነው። ጤዛ ጠጥቶ በሌሊት ሲረጋ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፤ ጧት ሲላቀቅም ጠጉሩን እዚያው ይተዋል፤ ሹሙም በማግሥቱ ማታ የሚለብሰው ያጣል።

ሽፋኑ የሚደረግበትም ሰዓት ቁም ነገር አለው። መኪናዋ ከቆመች በኋላ፣ ጤዛው ሳይጀምር፣ በምሽት መሆን አለበት። መስተዋቱ እርጥብ ከሆነ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው፤ አለዚያ ያ እርጥበት ራሱ ከሽፋኑ በታች ይረጋል። በእያንዳንዱ ሌሊት መሸፈን ለሚሰለቸው ሰው ምልክቱን እንንገረው፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ ወደ ደጅ ወጥቶ ከዋክብቱ ጥርት ብለው ከታዩ፣ ቅጠልም ካልተንቀሳቀሰ፣ ይሸፍን። ነፋስ ካለ ሞቅ ያለውን አየር ከቀዝቃዛው ጋር ስለሚያቀላቅለው ውርጩ ይዳከማል፤ ደመና ካለም ተኝቶ ይደር።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ውጭው ገጽ ነው። መስተዋቱ ከውስጥም ሊነጣ ይችላል፤ ይህኛው ደግሞ ለመፋቅ አያመችም። ምክንያቱ በመኪናው ውስጥ የተዘጋው እርጥበት ነው፤ የተሳፋሪዎች ትንፋሽ፣ የረጠበ ጫማ፣ ወለሉ ላይ የተረሳ እርጥብ ጨርቅ ሁሉ ይጨምሩበታል። ለገና በዓል ከመንዝ በግ ገዝቶ ከኋላ ጭኖ የመጣ ሰው፣ በጉን ካወረደ በኋላ የበጉን ትንፋሽም ማውረድ አለበት። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁሉም ከወረዱ በኋላ በሮቹን ለጥቂት ደቂቃ ከፍቶ የውጩን ደረቅ አየር ማስገባትና ከዚያ መዝጋት ነው። መስተዋቱን ከውስጥ አጽድቶ ማሳደርም ይጠቅማል፤ አቧራና የእጅ ቅባት ባለበት እርጥበቱ ቶሎ ይይዛል።

ስለ ፈሳሾች ብዙ ይወራል። ኮምጣጤ በውሃ በጥብጦ ማታ መቀባት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ኮምጣጤ ከዜሮ እምብዛም ሳይርቅ ስለሚረጋ በብርቱ ውርጭ ዋጋ የለውም። የጨው ውሃ በእርግጥ ቶሎ አይረጋም፤ ነገር ግን ወደ ኮፈኑና ወደ በሩ ማጠፊያ እየወረደ ብረቱን ይበላል። ጨው ለወጥ ይሁን። የሚረዳው አልኮል ነው። ሁለት እጅ የሕክምና አልኮል ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ጧት በነጣው መስተዋት ላይ ሲረጭ ውርጩን ያልሰዋል፤ ከዚያ በመጥረጊያ ይነሣል። የሚረጨው ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው። አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ ለሚጠይቀን ደግሞ፦ ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለበት መጠጥ ከዜሮ በታች እስከ 27 ዲግሪ ገደማ አይረጋምና ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አረቄ አረቄ በሚሸት መኪና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መገናኘት ሌላ ችግር ያመጣል።

ሳይሸፈን አድሮ ለነጣው መስተዋት በጣም የሚጎዳው የፈላ ውሃ ነው። መስተዋት ሙቀትን ቶሎ ስለማያስተላልፍ፣ ውሃው የነካው ገጽ ሲሰፋ ሌላው እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጭንቀት መስተዋቱን ይሰነጥቀዋል። ትንሽ የጠጠር ጭረት ቀድሞ የነበረበት መስተዋት ደግሞ አይተርፍም። ለብ ያለ ውሃም ቢሆን በቀዝቃዛው ገጽ ላይ መልሶ ይረጋል። ቢላዋና ማንኪያም ይጭራሉ፤ ለመፋቂያ ጠርዙ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ነገር ይበቃል። የዝናብ መጥረጊያውን ተጣብቆ ሳለ በሞተር ማንቀሳቀስ ጎማውን ይቀደዋል፤ የመጥረጊያውን ሞተርም ሊያቃጥል ይችላል። የመኪናው ማሞቂያ የሚከፈተው ከቀዝቃዛው ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ስላለ ቆም ብለን እንናገራለን። ብርድን ለመሸሽ መኪናውን በተዘጋ ቤት ውስጥ አስነሥቶ ማሞቅ፣ ወይም ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመኪናው ውስጥ ተሸፋፍኖ መተኛት፣ ሞትን ሊያስከትል ይችላል። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ይዟል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ነው። የተኛ ሰው እንቅልፉ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አያንቀውም፤ ስለዚህም አይነቃም። መኪና የሚሞቀው በገላጣ ቦታ፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው ቆሞ ሲጠብቀው ነው።

ሁለተኛው አደጋ ቸኩሎ መነሣት ነው። መስተዋቱ ላይ የሳሕን ያህል ቀዳዳ ፍቆ፣ በዚያች አጮልቆ እያየ የሚነዳ ሾፌር አይተናል። በዚያ ሰዓት በደጋው መንገድ ላይ ያለው ማን ነው? ነጭ ነጠላና ጋቢ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ ጭነት ያዘሉ አህዮች፣ ከኋላቸው የሚነዱ ልጆች ናቸው። ነጭ ልብስ በነጣ መስተዋት ውስጥ አይለይም። ፀሐይ በፊት ለፊት ብቅ ባለች ጊዜ ደግሞ ያልተፋቀው ውርጭ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው መስተዋቱ በሙሉ እንደ እሳት ያበራል፤ ያቺ ቀዳዳም በዚያን ጊዜ አትጠቅምም። በእንግሊዝ አገር የመንገድ ደንቡ ከመነሣት በፊት መስተዋቶቹ ሁሉ እንዲጠረጉ ያዛል፤ በጀርመንም በቀዳዳ እያየ የሚነዳ ሰው ይቀጣል፤ መስተዋቱ እስኪሟሟ ብሎ የቆመ መኪና ሞተር በከንቱ ማስጮህ ደግሞ በዚያ አገር ክልክል ነው። ስለዚህ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን መፋቂያውን ይዘው ከመቆም ሌላ አማራጭ የላቸውም።

በእኛ በኩል ግን ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለንም። «በ11 ሰዓት እንነሣለን» ያለው ሹም ልክ በ11 ሰዓት ከአልጋው ተነሥቶ በ11 ሰዓት ከሩብ ወደ መኪናው ይመጣል፤ ገና ሳይቀመጥም «ምን ያቆመናል?» ይላል። ሾፌሩ «እሺ፣ ጌታዬ» ብሎ ግማሹን መስተዋት እንደ ነጣ ይነሣል። ለመፋቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ አሥሩን ደቂቃ መስጠት የሚችለው ግን መነሻውን ሰዓት የወሰነው ሰው ነው። እንዲሁም በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የተሰነጠቀ የፊት መስተዋት እንዲገዛ የቀረበው ጥያቄ በሳምንት ሲፈቀድ፣ ለመሸፈኛ የሚሆን የሁለት ሜትር ሸራ ጥያቄ «ከበጀት ርዕሱ ጋር አይገናኝም» ተብሎ እንደ ተመለሰ ሰምተናል። ሸራው በግል ገንዘብ ቢገዛም ብዙ አይከብድም። ጧት ሲነሣ ውርጩ ይራገፍለት፤ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በሚቀጥለው ማታ መስተዋቱን ራሱ ያረጥበዋልና፣ ቀን መኪናዋ በቆመችበት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ፤ ከዚያ ተጣጥፎ ከመለዋወጫው ጎማ አጠገብ ይቀመጥ።